ለቆየ ሞተር ሳይክል ኪሎ ሜትር ቆጣሪ መምረጥና ማስተካከል

ድሬዳዋ ውስጥ የሞተር ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ብትጠይቁ፣ ሻጩ የሞተራችሁን ዓይነት እንኳ ሳይጠይቅ «አቦ፣ ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ብሎ አንዱን ከመደርደሪያ ሊያወርድላችሁ ይችላል። አልዋሸም፤ ማኑብሪው ላይ ይታሰራል፣ ገመዱም ይገባለታል። ትክክለኛውን ፍጥነት ያሳያል ግን አላለም። ቆጣሪ የሚያውቀው ዙር ብቻ ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ዙር እንደሚጠብቅ ፋብሪካው ወስኖለታል፤ ያ ቁጥር ከእናንተ ጎማና ገመዱን ከሚያዞረው ጥርስ ጋር ካልገጠመ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን ይሳሳታል። ስለዚህ ስለ መልኩ ከማሰብ በፊት ቁጥሩን ማወቅ ይቀድማል።

መጀመሪያ የሞተውን ለዩ

ቆጣሪው ሞተ ተብሎ የተጣለ፣ ግን ጥፋቱ ገመዱ ወይም ጥርሱ የሆነ ሞተር ብዙ ነው። ሞተሩን በመሐል ማቆሚያው አቁሙ፤ ከሌለው ሆዱን በጣውላ ደግፋችሁ የፊት ጎማው ከመሬት እንዲነሣ አድርጉ። ከቆጣሪው ሥር ያለውን የገመድ ዳዶ በእጅ፣ እምቢ ካለ በፒንሳ ፍቱ። ጎማውን ወደ ፊት አሽከርክሩና የውስጡን ሽቦ ጫፍ ተመልከቱ። ከዞረ ጥፋቱ ቆጣሪው ውስጥ ነው። ካልዞረ ሽቦውን ሳቡት። ግማሹ ብቻ ከወጣ ተበጥሷል፤ የሚያስፈልጋችሁ ገመድ ነው። ሙሉው ከወጣ ወደ ሞዞው (የጎማው እምብርት) ውረዱ።

እዚያ ያለው የኪሎ ሜትር ጥርስ የሚዞረው፣ ሞዞው ላይ ባሉ ሁለት ጎድጎዶች ውስጥ በሚቀመጡ ሁለት የብረት ጆሮዎች ነው። ጎሚስታ ጎማ ለጥፎ ሲመልስ ጆሮዎቹን ቦታቸው ላይ ሳያስቀምጥ ፔርኖውን (ጎማውን የሚይዘውን ዘንግ) ካጠበቀው ይጣመማሉ፤ ቆጣሪው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዜሮ ላይ ይቀራል። የተጣመመ ጆሮ በፒንሳ ይቃናል። የፕላስቲክ ጥርስ ከተበላ ግን መቀየር ነው። ጎማ ባስፈታችሁ ቁጥር ፔርኖው ከመጥበቁ በፊት ጎማውን በእጅ አዙራችሁ የገመዱ ጫፍ መዞሩን እዩ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ቆጣሪው እየሠራ የሚሳሳት ከሆነ ደግሞ የስሕተቱ ዓይነት መነሻውን ይጠቁማል። በገመድ በሚሠራ ቆጣሪ ውስጥ ሁለት ነገሮች አንድ ገመድ ይጋራሉ። የተጓዛችሁትን የሚደምሩት ቁጥሮች በጥርስ ነው የሚዞሩት፤ ጥርስ አይንሸራተትም። የፍጥነቱን ጠቋሚ የሚገፋው ግን ከአሉሚኒየም በተሠራ ኩባያ መሰል ነገር ውስጥ የሚዞር ማግኔት ነው፤ ማግኔቱና ኩባያው አይነካኩም፣ ጠቋሚውን ወደ ዜሮ የሚመልሰውም ቀጭን ጥምዝ ስፕሪንግ ነው። ከዚህ ተነሥታችሁ እንዲህ ለዩ።

ድምሩ ልክ ሆኖ ጠቋሚው ብቻ ከተሳሳተ ማግኔቱ ደክሟል ወይም ስፕሪንጉ ተነካክቷል። ሁለቱም በተመሳሳይ መጠን ከተሳሳቱ፣ ለምሳሌ ሁለቱም ከመቶ አሥር ከጨመሩ፣ ጎማው ወይም ጥርሱ ከቆጣሪው ጋር አልተስማማም። ስሕተቱ በየፍጥነቱ እኩል ከሆነ፣ ማለትም ሞተሩ ቆሞ 5፣ በ40 ላይ 45፣ በ60 ላይ 65 የሚል ከሆነ፣ ጠቋሚው እንዝርቱ ላይ ተንሸራቷል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

የዙሩን ቁጥር ማግኘት

አሮጌውን ቆጣሪ አትጣሉት። ብዙ ቆጣሪዎች ላይ ከጠቋሚው ሥር በደቃቅ ጽሑፍ በላቲን ፊደል «ኬ» እና እኩል ምልክት ተደርጎ 1.4 ወይም 1.0 ይጻፋል፤ አንዳንዱ ላይ 1፡1.4 ተብሎ ይገኛል። 1.4 ማለት በአንድ ኪሎ ሜትር ገመዱ 1400 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። 1.0 ደግሞ 1000 ጊዜ። አዲሱ ላይም ይህንኑ ፈልጉ። ምንም ያልተጻፈበትን ከገዛችሁ በዕድል ነው የገዛችሁት።

ጽሑፉ ከጠፋ ወይም የፊት ጎማው ከሌላ ሞተር የመጣ ከሆነ ራሳችሁ ቁጠሩ፦

1. ገመዱን ከቆጣሪው ፍቱ፤ የውስጡ ሽቦ ጫፍ ላይ ትንሽ ናስትሮ እንደ ባንዲራ ለጥፉ።
2. የፊት ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና በዝግታ 10 ዙር አዙሩት። ባንዲራው ስንት ዞረ? ሩብ ዙር እንኳ ሳይቀር ጻፉ።
3. የባንዲራውን ዙር ለ10 የጎማ ዙር ርቀት በሜትር አካፍሉት፤ ውጤቱን በ1000 አባዙት።

2.75-18 ጎማ ዙሪያው ወደ 1.875 ሜትር ስለሆነ 10 ዙር 18.75 ሜትር ነው። ባንዲራው 26 ከሩብ ከዞረ፣ 26.25 ለ18.75 ሲካፈልና በ1000 ሲባዛ 1400 ይመጣል። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ባለ 1.4 ነው።

ቢሳሳትስ? ባለ 1.4 ጥርስ ላይ ባለ 1.0 ቆጣሪ ከታሰረ በ60 ስትሄዱ 84 ይላል። ያበሳጫል እንጂ አይገድልም። በተቃራኒው ባለ 1.0 ጥርስ ላይ ባለ 1.4 ከታሰረ በ60 ስትሄዱ 43 ያሳያል። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ካለው ከደንገጎ ቁልቁል እየወረደ 43 ነኝ ብሎ ኩርባ የሚገባ ሰው በእውነት የገባው በ60 ነው። ቆጣሪ ትንሽ ቢጨምር ይታለፋል፤ የሚቀንስ ግን መንገድ ላይ መውጣት የለበትም።

የትኛው ዓይነት ይሻላል?

በገመድ የሚሠራው ባትሪ አይፈልግም፣ ሙቀት አይበግረውም፣ አቧራውንም ከሌሎቹ የተሻለ ይችላል። የዙሩ ቁጥር የሚገጥም ካገኛችሁ የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ይሁን። ስትገዙ አሮጌውን ገመድ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ አስገቡት፦ ዳዶው ጥርሱን ሳያበላሽ እስከ መጨረሻ ይገባል? የሽቦው አራት ማዕዘን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ይይዛል ወይስ ይላላል? የሚላላ ጫፍ ለጥቂት ቀን ይሠራና ቀዳዳውን ሞርዶ ይጨርሰዋል።

ዲጂታሉ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ የጎማውን ዙሪያ በቁጥር እናንተው ትሞሉለታላችሁ። ጎማ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። ግን ኤሌክትሪኩ ደህና የሆነ ሞተር ይፈልጋል። በቴስተር ሳትለኩ አትግዙ። ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ ከ12.4 እስከ 12.8 ቮልት፣ ሞተሩ ሠርቶ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ከ15 ካለፈ ቮልቱን የሚመጥነው ሬጉሌተር አይሠራም፤ አዲሱን ቆጣሪ ያቃጥለዋል። ብዙ የቆዩ ሞተሮች ደግሞ ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ የ12 ቮልት ዲጂታል እነሱ ላይ ወይ አይበራም ወይ ይንተከተካል። ባትሪ ጨርሶ የሌላቸው፣ መብራታቸው በቀጥታ ከቮላኖው (ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ዘዋሪ) የሚመጣ ሞተሮች ላይ ዲጂታል መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ሌላው የድሬ ፀሐይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ በቆመ ሞተር ላይ የዲጂታሉ መስታወት ሊጠቁር ይችላል። አልተበላሸም፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። በየቀኑ ከተደጋገመ ግን ዕድሜው ያጥራል፣ ስለዚህ ስታቆሙ ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

በጂፒኤስ የሚሠራውን እንደ ዋና ቆጣሪ አንመክረውም። ሲነሣ ሳተላይት እስኪያገኝ ያስጠብቃል፣ ፍጥነት ሲቀየርም ዘግይቶ ነው የሚከተለው። ለማመሳከሪያ ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃል።

ገመድ ያለውን መግጠም

አዲሱን ገመድ ከማስገባታችሁ በፊት የውስጡን ሽቦ አውጡና ስስ ግራሶ ቀቡት፤ ከላይ፣ ከቆጣሪው በኩል፣ አንድ ስንዝር ያህል ግን ደረቅ ይቅር። ሽቦው ሲዞር ግራሶውን እንደ ብሎን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ቆጣሪው ውስጥ ከገባ ማግኔቱንና ኩባያውን ያጣብቃቸዋል፣ ጠቋሚውም ወጥቶ አልመለስ ይላል። «አዲስ ገመድ ካስገባሁ ወዲህ ተበላሸ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የበዛ ግራሶ ነው።

ገመዱ በሰፊው ይታጠፍ፤ ከፍራፍሬ ሳህን የጠበበ ኩርባ አይኑረው። ማኑብሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻ አዙራችሁ እንደማይወጠርና ፎርኬታው ሲታጠፍ እንደማይቆነጠጥ እዩ። ጠቋሚው በ30 እና በ50 መካከል የሚጨፍር ከሆነ ወይ ሽቦው ደርቋል ወይ የሆነ ቦታ ጠቦ ታጥፏል።

የቆጣሪውን ማቀፊያ በጎሚኒ ላይ አስቀምጡት። ሐረር ጀጎል ውስጥ ድንጋይ ንጣፉን በየቀኑ ለሚመላለስ ሞተር ይህ የግድ ነው፤ በባዶ ብረት የታሰረ ቆጣሪ ጠቋሚው ቶሎ ይላላል።

ዲጂታሉን መግጠም

ኤሌክትሪኩን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚበራ ሽቦ ውሰዱ፤ ከፊት መብራት ሽቦ አትውሰዱ፣ ምክንያቱም ብዙ የቆዩ ሞተሮች ላይ እዚያ የሚመጣው የባትሪ ኤሌክትሪክ አይደለም። መስመሩ ላይ የ1 አምፔር ፊውዝ አስገቡ። በሽቦ ቀለም አትመኑ። ሆንዳ ላይ ማሳው (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው ሽቦ) አረንጓዴ ነው፤ ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ የሚመጣበት ነው። ያማሃ ላይ ደግሞ ጥቁሩ ራሱ ማሳ ነው፣ የቁልፉ ቡናማ ነው። ሱዙኪ ላይ ማሳው ነጭ መስመር ያለው ጥቁር፣ የቁልፉ ብርቱካናማ። ያማሃ የለመደ ሠራተኛ ሆንዳ ላይ «ጥቁር ማሳ ነው» ብሎ ካሰረ ፊውዝ ያቃጥላል፤ ፊውዝ ከሌለ ደግሞ ሽቦውን። አሮጌ ሞተር ላይ ሽቦው ስንቴ እንደተቀጠለ ማን ያውቃል? እያንዳንዱን በቴስተር ለኩ።

ዲጂታሉ ዙር የሚቆጥረው ከጎማው ጋር የሚዞር ማግኔት በሴንሰሩ ፊት ባለፈ ቁጥር ነው። ማግኔቱ የሚቀመጠው ሞዞው ወይም የዲስኩ ብሎን ላይ ነው። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ በቤንዚን አጥቡ፣ ሲደርቅ ሁለቱ ተደባልቀው በሚሠሩት ኤፖክሲ ለጥፉና እስከ ማግስቱ አታንቀሳቅሱት። ወዲያው የሚደርቀው ማጣበቂያ በንዝረት ይሰነጠቃል። አንዳንድ ሴንሰር የማግኔቱን አንድ ፊት ብቻ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት በእጃችሁ ፊቱ እያሳለፋችሁ የትኛው ጎን እንደሚሠራ አረጋግጡ። በማግኔቱና በሴንሰሩ መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይተው፣ መመሪያው ሌላ ካላለ በቀር። የሴንሰሩን ሽቦ የእሳት ብልጭታውን ከሚሰጡት ከቦቢናውና ከካንዴላው ሽቦ አርቁ። ያም ሆኖ ቆማችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ፣ ካንዴላውን መጠሪያው ውስጥ በላቲን «አር» ፊደል ባለው ቀይሩት፤ ረብሻውን የሚያፍን መከላከያ ውስጡ አለው።

የጎማውን ዙሪያ መለካት

ለግምት ያህል፣ በኢንች የሚጻፍ ጎማ ላይ ስፋቱን እጥፍ አድርጋችሁ ቸርኬው ላይ ደምሩ፤ በ25.4 ከዚያም በ3.14 አባዙ። 2.75-18 ወደ 1875 ሚሊ ሜትር፣ 3.00-18 ወደ 1915፣ 3.00-17 ወደ 1835 ይሆናል። ከ2.75 ወደ 3.00 ማሳደግ ብቻ ቆጣሪውን ከመቶ ሁለት ያህል ያሳንሰዋል ማለት ነው። ይህ ግን ሰው ያልተቀመጠበት ጎማ ነው። የምትሞሉት ቁጥር ሰው ተቀምጦ ጎማውን በማንከባለል መለካት አለበት፦

ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለሞተሩ የታዘዘውን ነፋስ ሙሉ። ደልዳላ ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ላይ ማግኔቱ ያለበትን ጎማ የነፋስ መሙያ ቫልቭ ወደ ታች አድርጉና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። እናንተ ተቀመጡ፣ ጓደኛችሁ በቀጥታ ይግፋ። ቫልቩ አምስት ጊዜ ዞሮ ታች ሲደርስ ሁለተኛውን ምልክት አድርጉ፤ መካከሉን በሜትር ለክታችሁ ለ5 አካፍሉ። 9 ሜትር ከ25 ሴንቲ ከሆነ ዙሪያው 1850 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ዙር ብቻ የለካ ሰው የአንድ ሴንቲ ስሕተቱን ሙሉውን ይሸከማል፤ በአምስት ግን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ትሆናለች።

አሁን የማስተካከያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ሦስት ነገር ሙሉ፦ ዙሪያውን በሚሊ ሜትር፣ የማግኔቱን ብዛት፣ መለኪያውን በኪሎ ሜትር። ሦስተኛው ይረሳል። በማይል የተተወ ቆጣሪ በ60 ስትሄዱ 37 ነው የሚለው። ልክ ግማሽ ወይም ልክ እጥፍ የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ የማግኔቱ ቁጥር ነው የተሳሳተው። የሚሞላው ዙሪያ ይሁን ዲያሜትር ከመመሪያው እዩ፤ 1850 ዲያሜትር በሚጠይቅ ቆጣሪ ላይ ቢሞላ ሦስት እጥፍ ያበዛል።

በመንገድ ላይ ማመሳከር

ሜዳና ቀጥ ያለ መንገድ ይፈለጋል። ከድሬዳዋ ወደ መልካ ጀብዱ በኩል፣ ጠዋት ትራፊኩ ሳይበዛ። ሐረር ላሉ ሐረማያ አካባቢ ያለው ሜዳ ይሻላል። ደንገጎ ላይ አትሞክሩት፤ ኩርባውና ተራራው የስልኩን ጂፒኤስ ያዘገየዋል፣ አንድ ፍጥነት ይዞ መቆየትም አይቻልም።

የስልኩን የፍጥነት መተግበሪያ ክፈቱና ሳተላይት እስኪይዝ ቆማችሁ ጠብቁ። ስልኩን ኋላ የተቀመጠ ሰው ይያዝ፤ እየነዱ ሁለት መስታወት ማንበብ አይሞከርም። ነጂው ቆጣሪው ላይ 40 ይዞ 20 ሰከንድ ያህል ሲቆይ ስልኩ የሚለውን ጻፉ፤ በ60ም እንዲሁ። ሦስት ጊዜ ደጋግሙና አማካዩን ውሰዱ። ከዚያ፦

አዲስ ዙሪያ = የተሞላው ዙሪያ × የስልኩ ፍጥነት ÷ የቆጣሪው ፍጥነት

1850 ተሞልቶ ቆጣሪው 60፣ ስልኩ 58 ካለ፣ 1788 ይመጣል። ግን ተጠንቀቁ፤ አንዳንድ ቆጣሪ ፋብሪካው ራሱ ፍጥነቱን ትንሽ እንዲያበዛ የሠራው ነው፣ ድምሩን ግን በትክክል ይቆጥራል። እዚያ ላይ ዙሪያውን ብትቀንሱ ፍጥነቱ ይስተካከልና ድምሩ ይበላሻል። 10 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ድምሩን ከስልኩ ጋር አስተያዩ። ድምሩ ልክ ከሆነ ፍጥነቱ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር መብዛቱን ተዉት። ልዩነቱ ከመቶ አሥር በላይ ከሆነ ደግሞ በስሌት ከመሸፈን ተመልሳችሁ የሞላችሁትን መርምሩ፤ የሆነ ቦታ ትልቅ ስሕተት አለ።

ስልክ ከሌለ፣ የኪሎ ሜትር ምልክት ባለበት መንገድ በአንድ ፍጥነት አንድ ኪሎ ሜትር ሂዱና 3600ን ለፈጀባችሁ ሰከንድ አካፍሉ። 60 ሰከንድ 60፣ 72 ሰከንድ 50፣ 90 ሰከንድ 40 ነው።

ገመድ ያለው ሲሳሳት

እዚህ የሚሞላ ቁጥር የለም። ጠቋሚው ብቻ ከተንሸራተተ፣ ክፈፉን በጥንቃቄ ዙሪያውን እያነሣችሁ መስታወቱን አውጡ፤ ፊቱ ላይ ካርቶን አንጥፉና በሁለት የሻይ ማንኪያ ከግራና ከቀኝ እኩል ደግፋችሁ ጠቋሚውን ወደ ላይ አንሡት። እንደገና ስትመልሱት ዜሮው ላይ ሳይሆን ዕረፍቱ ባለበት አድርጉት፤ አንዳንዱ ቆጣሪ ማረፊያው ከዜሮ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ስፕሪንጉን አትንኩ፤ አንዴ ከተጣመመ የሚያቃናው ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው።

ጠቋሚውን መንካት ከመቶ የሚሰላ ስሕተትን አያስተካክልም። በ40 ላይ ቢስተካከል በ80 ላይ አሁንም ይሳሳታል። እዚያ ላይ ያለው መንገድ የሚገጥም ጥርስ ወይም ቆጣሪ መፈለግ ነው። እስኪገኝ ግን ስልኩ እውነተኛ 40 እና 60 ሲል ጠቋሚው የቆመበት ቦታ መስታወቱ ላይ ቀጭን ቀይ ናስትሮ ለጥፉ፤ ቀን ከሌት ይታያል፣ ዋጋም የለውም።

ጎማ ሲያልቅ ዙሪያውም ያንሳል፦ 4 ሚሊ ሜትር የጎማው ጥርስ ካለቀ 25 ሚሊ ሜትር ያህል። አዲስ ጎማ ሲገባ የአምስት ዙሩን ልኬት ድገሙት፣ የሞላችሁትንም ቁጥር መቀመጫው ሥር በማርከር ጻፉት፤ ባትሪ ሲነቀል የሚረሳ ቆጣሪ አለ። አሮጌው ቆጣሪ ከመፈታቱ በፊት የነበረውን ድምር ከነቀኑ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ከሊብሬው ጋር አስቀምጡት፤ አዲሱ ከዜሮ ስለሚጀምር የዘይት መቀየሪያው ጊዜ የሚሰላው ሁለቱ ተደምረው ነው።